ራኬብ አልራባትም

ዶክተር እልፍነሽ ከላም ጉበት የተገኘውን፣ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጠውን ኢንዛይም መርምራ የሁለቱንም ክፍሎቹን ዘረመል ያነበበችና ያባዛች ሴት ናት። ድርቁ በጸና ጊዜ ኢንዛይሙ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ተሰጠ፤ የራሷ ልጅ ራኬብም አንዷ ነበረች። ልጆቹ በቀን በአንዲት ቁራሽ አደጉ። ከዚያች ያለፈ ምግብ ጉበታቸውን ይገድለዋል። ረሃቡ ግን አልለቀቃቸውም። መንግሥት ግን ኢንዛይሙ ረሃብን አጥፍቷል ስለሚል፣ «ራበኝ» ያለ ልጅ ታሟል ተብሎ ከቤቱ ይወሰዳል፤ የተመለሰ የለም።

ራኬብ ስድስት ዓመት የሞላት ዕለት ጠዋት ተቆጣጣሪው አቶ ገረመው መጣ። ደንቡ እናት ልጇ ፊት እንድትበላ ያዛል። እልፍነሽ ቅቤ የጠጣ ፍርፍር አቅርባ በእጇ እየጎረሰች በላች፤ ሰውየው የልጅቷን ዓይን ያያል።

«ራኬብዬ፣ ራበሽ እንዴ?»

«ኧረ አልራበኝም፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ እንደተማረችው ግድግዳውን እያየች።

«ጎበዝ!» አለና ወረቀቱ ላይ ፈረመ። «ዶክተር፣ በሥራዎ ሊኮሩ ይገባል።»

በሩ ሲዘጋ ራኬብ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ፣ ጥሩ አድርጌ ዋሸሁ?»

«በጣም ጥሩ፣ የኔ እመቤት።»

«እንግዲያው አንድ ጉርሻ ብቻ?»

እልፍነሽ የተረፈውን ፍርፍር አንስታ ቆሻሻ ውስጥ ደፋችው። «ነገ ጠዋት ቁራሽሽን ትበያለሽ» አለቻት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ቅቤ የነካቸውን የእናቷን ጣቶች ይዛ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ታሸት ጀመር። እልፍነሽ እጇን አልነጠቀቻትም።