የሚኒስትሯ የሰሌን ቦርሳ

«ፕላስቲክ አገራችን እንዳይገባ ያገድኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ለመድኃኒት ቢፈለግ እንኳ አይገኝም» አለች የትንሿ ደሴት የንግድ ሚኒስትር፣ ደረቷን ነፍታ። ጀልባዋ ላይ አጠገቧ የተቀመጠው የውጭ ነጋዴ ይህንኑ አምኖ መርከብ ሙሉ የሰሌን ቦርሳ ሊገዛ ነው የመጣው። የቦርሳው ናሙና ሚኒስትሯ ጉያ ውስጥ ነው።

መሃል ባሕር ላይ ጀልባዋ ውሃ ታስገባ ጀመር።

«በምን ልጨልፈው? ጀሪካኔን ጠዋት ፕላስቲክ ነው ብለው ወርሰውብኛል» አለ ቀዛፊው፣ ቦርሳዋን እያየ።

«ሰሌን እኮ ውሃ አይይዝም» ብላ እቅፍ አደረገችው።

ቀዛፊው ነጥቆ ጨለፈበት። ከቦርሳው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ጀልባዋ ዳነች። ነጋዴው ግራ ገብቶት እጁን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሰማያዊ ፌስታል ጎትቶ አወጣ። ሚኒስትሯ ዓሣ የምትቆጥር ይመስል ባሕሩን ታያለች።

«ክብርት ሚኒስትር» አለ ነጋዴው፣ «ሰሌኑ ይቅርብኝ፤ ፌስታሉን በስንት ይሸጡልኛል?»