ለግራንድ ማስተሩ ኖር

ግራንድ ማስተሩ ከሰላሁዲን ፊት ቆሞ ቀረ። ሌላው ሰሌዳ ላይ አንዴ አየት፣ አንዴ ገፋ አድርጎ የሚያልፈው ሰውዬ፣ እዚህ ሲደርስ አገጩን ይዞ ያስባል። ከሰላሁዲን ጎን የተቀመጠው አምባቸው በቅናት አረረ።

በመምህራን ኮሌጁ፣ በፔዳ አዳራሽ ሃያ የቼዝ ሰሌዳ ተደርድሮ፣ ኡዝቤኩ ቱርዲዬቭ ብቻውን ከሃያ የባሕር ዳር ሰው ጋር ሲጫወት ረፈደ። ቀድሞ ያሸነፈው ታሽከንት ሄዶ ሁለት ዓመት አሠልጣኝነት ይማራል ተብሏል። አሥራ ስምንቱ እጅ ሰጥተው ግድግዳ ተደግፈዋል። የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ አምባቸው ደግሞ በአንድ ፈረስ ይበልጣል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ግራንድ ማስተርን በፈረስ ሲበልጥ እስቲ አስቡት።

ነገሩ ግን ታሽከንት ብቻ አልነበረም። ቱርዲዬቭ የአምባቸው ሰው ነው። የፔዳ ሩሲያውያን መምህራን ከሚተዉት መጽሔት ጨዋታዎቹን በደብተር ገልብጧል፤ ታሪኩን ሰው እየለመነ አስነብቧል። የፈርጋና ሐብሐብ ሻጭ ልጅ መሆኑን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሪፐብሊኩ ሻምፒዮን መሆኑን፣ ሞስኮ ላይ ተዋርዶ አራት ዓመት መጥፋቱን፣ ተመልሶም ያዋረዱትን አንድ በአንድ መልቀሙን፣ ከልጆቹ ክርስትና ቀን አብልጦ ያውቃል። ሰላሁዲን ምን ያውቃል? ይህን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ቀበሌ አዳራሽ ያስተማረው ራሱ አምባቸው ነው። ጠዋት ስም ሲጠራ ግን ቱርዲዬቭ "ሰላሁዲን" ሲባል ሰምቶ ፊቱ በራ፤ ያገሩ ስም ነዋ። አምባቸውን ጨብጦት አለፈ። ባጎረስሁ ተነከስሁ፣ አለ አምባቸው በሆዱ።

አሁን ቱርዲዬቭ ወደ እሱ መጣ። ሰላሁዲን ሰውየው ሲመጣም ሲሄድም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እርግጥ አምባቸውም እስካሁን አልተነሳም፤ ግን ቅናት የራሱን መች ያያል። አሳዳጊ የበደለው፣ ክብር እንዴት እንደሚሰጥ ላሳየው አለና ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "ኖር" አለ። የኮቱ እጅጌ ንጉሡን ጠልፎ ጣለው።

በቼዝ ንጉሡን ያስተኛ ሰው ተሸነፍሁ ማለቱ ነው። ቱርዲዬቭ ሰሌዳውን አየ፤ ገረመው፤ እጁን ዘረጋ። አምባቸው አክብሮቱ የተመለሰለት መስሎት በሁለት እጁ ተቀበለ። እንዲህ አድርጎ እጅ የሰጠ የለም። ጭብጨባው ሲነሳ ነው የነቃው።

ይኼኔ ሰላሁዲን ብድግ አለ። "ጋሽ አምባቸው እጅ አልሰጡም" አለው ከቱርዲዬቭ ጋር የሚዞረውን አስተርጓሚ። "ኖር ሲሉ ነው የወደቀው። ይንገሩልኝ፣ ጓድ መርስዔ ኀዘን።"

"ኖርን በሩሲያኛ ምን ልበለው?"

"ትልቅ ሰው ሲመጣ እንነሳለን ይበሉት።"

አስተርጓሚው እንደምንም አስረዳ። ቱርዲዬቭ ሳቀና ንጉሡን በገዛ እጁ አቆመው። "በእኛም አገር እንዲሁ ነው፤ እንቀጥል ይላል" አለ አስተርጓሚው።

አዳራሹ ግን አምባቸውን ትቶ ሰላሁዲንን ያያል። "የተባረከ ልጅ" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። አንጀቱን የቆረጠችው እሷ ናት። አሁን ቢያሸንፍ፣ ታሽከንት ቢሄድ፣ ዕድሜ ልኩን "ሰላሁዲን ባይደርስለት ኖሮ" ሊባል ነው።

"እጅ ሰጥቻለሁ" አለ አምባቸው። "እኔው ነኝ ያስተኛሁት።"

"ጋሽ አምባቸው፣ በፈረስ ይበልጣሉ እኮ።"

"ሰጥቻለሁ አልሁ። ንገረው።"

ጓድ መርስዔ ኀዘን ለዚህ ቃል አልቸገረውም። ቱርዲዬቭ አምባቸውን ትንሽ አየት አደረገውና ወደ ሰላሁዲን ሰሌዳ ተመለሰ። አምባቸው ሄዶ ከተሸናፊዎቹ ጋር ግድግዳው ሥር ቆመ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰላሁዲን ጨነቀው። ከሰሌዳው ቀና ብሎ አስተማሪውን በዓይኑ ፈለገ። አምባቸው ከቆመበት ሆኖ መውጫው ታይቶታል፤ የዳሩን ወታደር መግፋት ብቻ ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።