የሞተሩ ድምፅ

ሰሎሜ ሙገር ሸለቆ አፋፍ ድረስ የመጣችው፣ መንገድ በሌለበት መንዳት ለሚወዱ አሽከርካሪዎች ማኅበር፣ በባትሪ ስለሚሠራው አዲስ መኪና ለማስረዳት ነበር። እነሱ ካልተቀበሉት የተቀጠረችበት ፋብሪካ አይሠራውም፤ ሁለት ዓመት የደከመችበት ዕቅድም እዚያው ይቀራል።

«ባትሪው ወንዝ መሀል ቢያልቅ ማን ይገፋናል? ዓሣ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀችና ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ ውሃም እንዴት እንደማይገባበት አስረዳቻቸው። ቀስ በቀስ ፊታቸው ተፈታ።

የማኅበሩ መሪ ጋሽ ይርዳው ብቻ አልተበገሩም።

«የኔ ልጅ፣ ቁልቁለት የሚወረደው በጆሮ ነው። ሞተሩ ሲያቃስት ትሰሚያለሽ፣ ማርሽ ትቀይሪያለሽ። ያንቺው ድዳ ነው።»

ይህን ብለው አሮጌ የናፍጣ መኪናቸውን አስነሱ፤ ኮፈኑን ከፈቱና ጥቂት ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ አጓራ፤ ከዚያ ተንገጫገጨና ጠፋ።

ጋሽ ይርዳው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ።

«ስሚው እንግዲህ! ይሄን በባትሪ ታመጪዋለሽ?»

አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምነው ዝም አላችሁ? አትሰሙም እንዴ?»

«እንሰማለን ጋሼ!» ብለው ጮኹ አባላቱ፣ ጠጋ ብለው፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ዓይናቸው ግን ሰሎሜን ይለምን ነበር።

«አንቺስ?» አሉ ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረው።

ሰሎሜ የጠፋውን ሞተር አየችው።

«እሰማለሁ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።