ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው በር

ሲግሩን ካቻቢቴውን ከአናጺው ከኦድቫር እጅ ተቀብላ፣ የእሷንና የሌላዋን መምህርት የማሊንን ክፍል የሚያገናኘውን በር ማጠፊያ መፍታት ጀመረች። ቅዳሜ ነበር፤ የደሴቲቱ ወላጆች በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ትምህርት ቤቱን ሊያድሱ ብሩሽና መዶሻ ይዘው መጥተዋል።

«ቲቸር፣ በሩ እኮ ዝርዝሩ ላይ የለም» አለ ኦድቫር። እሱን ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ሴት ልጁ ግን እዚሁ ክፍል ሦስት ዓመት ተቀምጣ ዛሬም በጣቷ እየተከተለች ፊደል ትለቅማለች።

«እርሳስ አልያዝክም? ጻፈዋ።»

በወዲያኛው ክፍል ግድግዳ ስትቀባ የነበረችው ማሊን እጇን ገታች። መኸር ላይ ይህንኑ በር አንኳኩታ «ለምን አብረን አናስተምራቸውም?» ስትላት፣ ሲግሩን «የራስሽን ክፍል ያዢ» ብላ ዘግታባት ነበር።

የመጨረሻው ብሎን በቆየ ቀለም ተጣብቆ አስቸገራት። ኦድቫር እጁን ሲሰድ በክርኗ መለሰችው። መዳፏ እስኪቀላ ታግላ ስትፈታው በሩ ትከሻዋ ላይ ዘመም አለ።

«ልያዝልዎት።»

«አንተ ተወው። ማሊን፣ ነይ ያንን ጫፍ ያዢልኝ። ልጆቹን ማስነበብ አቅቶኛል።»

የወላጆቹ ብሩሽ ሁሉ ቆመ። ማሊን ቀለም በነካው እጇ በሩን ደገፈች።

«መጋዘን ልውሰደው?» አለ ኦድቫር።

«እግር ሥራለት። ሰኞ ከትምህርት በኋላ የምንሠራበት ጠረጴዛ እንፈልጋለን።»

ኦድቫር ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አወጣ። «ለሁለት ሰው ነዋ?»

«ለሦስት» አለች ሲግሩን። «ልጅህ ቤት ስታነብ የምትሰማት አንተ አይደለህ?»