ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ

የምሥራች ኮዱን ጽፋ አንድ ቁጥር ሲቀራት ልጇ ሜይታል ስልኩን ከእጇ መነተፈቻት።

«ኢማ፣ ሎ! አይሆንም እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«አምጪው እንጂ! ፀሐይቱ ናት እኮ! እህቴ ናት!»

እውነትም ቁጥሩ የፀሐይቱ ነው፤ ፎቶውም ነጠላዋን እንደተከናነበች የፀሐይቱ። የምሥራች እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ስትገባ ጎንደር የቀረች፣ ተኩሱ ከጀመረ ወዲህ ድምፅዋ የጠፋ እህት ዛሬ ድንገት ብቅ ብላ፣ «ስልኬ ሊዘጋብኝ ነው፤ አሁን የሚደርስሽን ኮድ ላኪልኝ» አለች። ኮድ ቀርቶ ዓይኗን ብትጠይቅ ማን ይነፍጋታል?

«ሰርቀውት ነው ኢማ። ኮዱን ከሰጠሻቸው ያንቺንም ይወስዱታል። መንግሥት ራሱ በየቀኑ የሚለፈልፈው ይሄንኑ ነው፤ ኮድ ለማንም አትስጡ፣ የቅርብ ሰው ቢሆንም መጀመሪያ አረጋግጡ ይላል።»

ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። «ኔትዎርክ የለም፣ ኮዱን ቶሎ» የሚል መልእክት መጣ።

«በሰደር፣ እሺ» አለች ሜይታል። «እሷ ብቻ የምታውቀውን ጠይቂያት።»

የምሥራች ብዙ አላሰበችም። አገር ቤት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ እሷና ፀሐይቱ የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ነው አባታቸው ፊት ቆመው የተማሩት። በድምፅ ላከች።

«ፀሐይቱዬ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ።»

«እየጻፈ ነው» የሚለው መጣ። ጠፋ። ደግሞ መጣ። የምሥራች በልቧ የአባቶቻቸውን ስም፣ እንጉዳይ በይ፣ በለው በይ፣ ተገኘ በይ፣ በይ እንጂ እናቴ፣ እያለች ታስጠናት ነበር።

«ሰባት ቤት ምንድን ነው? ኮዱን ላኪ!»

ሜይታል ጣቷን «አግድ» የሚለው ላይ ልታሳርፍ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ቆይ! ይሄ ከተዘጋ በየት በኩል ታገኘኛለች?»

ስልኩን ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አንተ ሌባ፣ ኮዱን አልሰጥህም። ግን አልረግምህም። ስልኩን ከማን ወሰድከው? ባለቤቷን አይተሃታል? በሕይወት አለች? ይቺን ብቻ ንገረኝ፣ በአባትህ።»

ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ሰምቷታል። እናትና ልጅ ስልኩ ላይ አጎነበሱ። ከዚያ የፀሐይቱ ፎቶ ከነነጠላዋ እልም አለና በቦታው ግራጫ የሰው ጥላ ቀረ። ሌባው ቀድሞ ዘጋቸው።

«ኢማ…» አለች ሜይታል።

የምሥራች አልሰማቻትም። ግራጫው ጥላ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ «አባታችን እንጉዳይ፣ የእንጉዳይ አባት በለው፣ የበለው አባት ተገኘ…» እያለች ለእህቷ ትቆጥርላት ጀመር።