ቀይ ስምንት

«ትልቅ ቁጥር ከጣልሽልኝ ‹ያንኑ ዓይነት ካርታ ድገመው› ማለትሽ ነው፤ ትንሽ ከጣልሽ ‹ተወው›» እያለ ልብስ ሰፊው ታናሽ እህቱን በጥንድ የሚጫወቱትን የብሪጅ ካርታ ምልክት ካስተማራት ሳምንት አልሞላም። ጎረቤት ባልና ሚስትን ገጥመው ሲጫወቱ፣ የጣለችለትን አይቶ ሳይደግም ቀረና ተሸነፉ። ደሙ ፈላ። «ሦስት ጥለሽ ጉድ ሠራሽኝ፣ አንቺ ደንቆሮ!» ብሎ አፏን በቡጢ አላት። ከንፈሯ ተተርትሮ ደሟ ካርታው ላይ ተንጠባጠበ።

ጎረቤትየዋ ካርታውን አንስታ፣ «ኧረ ስምንት ናት!» ብላ ጮኸች። ልብስ ሰፊው ነጥቆ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው፤ ከዚያ ቀና ማለት አቃተው።

«መርፌህ ላይ ክር የማስገባልህ እኔ እንደሆንኩ ለማንም አልተነፈስኩም» አለችው እህቱ፣ ደሟን እየዋጠች። «ጋሼ ብዬ ገመናህን ሸፈንኩ።»

ከንፈሯን ሊጠርግላት እጁን ሲዘረጋ፣ ብድግ ብላ ተቀምጣበት የነበረውን ወንበር አንስታ ክንዱ ላይ ሰበረችው።