ንስሩና እርጉዟ ጉንዳን

«ዋሽቼ እንደሆነ ሁለቱም ዓይኖቼ ይፍሰሱ!» አለ ንስሩ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደ ንጉሥ ተኮፍሶ።

«ኧረ ዛሬን እንኳ በሌላ ነገር ማል» አለችው ሚስቱ ከጎኑ።

እውነቷን ነው። ሰውዬው የመጣው ዓይኑን ሊመረመር ነው፤ ከሁለቱም ዓይኖቹ ሥር ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተለጥፎበታል። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቅ ተብሏል። ጨለማውም እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም፤ ሌሊት ራሱ ቢገባበት ግድግዳ እየዳበሰ የሚወጣበት ጨለማ ነው። ንስሩ ደግሞ ሲጨልም ምላሱ አያርፍም። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ «ንስሩ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለትም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ነው።

«እናልሽ ዶክተርዬ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የአውቶቡሱ መብራት ድርግም! ጨረቃ የለ፣ ኮከብ የለ። ተሳፋሪው እሪ ይላል፤ እኔ እያፏጨሁ እነዳለሁ። ጠጠሩን አንድ በአንድ ነው የማየው። እንዲያውም አንዲት ጉንዳን መንገድ ስታቋርጥ ፍሬን ይዤ አሳልፌያታለሁ።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቁ?» አለች ሐኪሟ።

«እርጉዝ ነበረቻ!»

ሦስቱም ሳቁ። በሳቁ መሀል ግን እጁ የሚስቱን እጅ ፍለጋ ጨለማውን ዳበሰ። «የዓይንን ብርሃን ቀስ በቀስ የሚበላ በሽታ ሊሆን ይችላል» ከተባለ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ብልጭ! ነጭ ብርሃን ዓይኑ ውስጥ ፈነዳ። የዓይኑን ምላሽ በሚያሳየው ስክሪን ላይ አንድ መስመር ቁልቁል ወረደ፤ ከዚያም ጉድጓድ እንደገባ ጎማ እዚያው ቀረ። የንስሩም ልብ አብራው ወርዳ እዚያው ቀረች።

«ይኸውልዎት ጋሼ» አለች ሐኪሟ፣ «ብርሃን ተቀባዮቹ ሴሎች በጨለማ አያርፉም፤ አንድ ኬሚካል ሳያቋርጡ ይለቃሉ። ብርሃን ሲመጣ ይቀንሱታል። ቀጥሎ ያለው ሴል መቀነሱን ሲሰማ ነው ‹ብርሃን መጣ!› ብሎ መስመሩን ሽቅብ የሚነዳው።»

«በጨለማ ሲለፈልፉ ቆይተው ብርሃን ሲያዩ ዝም?» አለች ሚስቱ። «ዘመዶችህ ናቸዋ!»

ንስሩ አልሳቀም። «የኔዎቹስ... እየሞቱ ነው?»

«ኧረ ጤነኞች ናቸው! ይኼ መውረዱ የእነሱ ሥራ ነው። መልእክቱን የማይሰሙት ቀጥሎ ያሉት ናቸው። ከሌላው ምርመራዎ ጋር ሳየው፣ በጨለማ አለማየትዎ ሲወለዱ ጀምሮ የነበረ ነው፤ አይብስም። ቀን ቀን እንደ ልብዎ ይንዱ። ማታ ግን መሪ እንዳይነኩ።»

ከንስሩ ደረት የወጣው ትንፋሽ የአውቶቡስ ጎማ ይነፋ ነበር።

«እሱማ ድሮስ ማታ መች ነድቼ አውቃለሁ!» አለ በደስታ።

«እንዴ! ገደሉስ? እርጉዟስ?» አለች ሐኪሟ።

የመለሰችው ሚስቱ ናት፣ ቀስ ብላ፣ እጁን እንደያዘች።

«አልነዳም። መንገድ ላይ መሽቶብን ነበር፤ መብራቱ ሲጠፋ አቆመ። ከዚያ ወሬውን ለቀቀልን፤ ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ ሲስቅ አደረ። እኔም ያኔ ተሳፋሪ ነበርኩ፤ ገና አልተዋወቅንም፣ መልኩንም ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ጎህ ሲቀድ ዝም አለና ሞተሩን አስነሳ።»